የንግድ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ፦ ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ሶኬት

በአዲስ አበባ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሠራ አንድ ጂ+5 የንግድ ሕንፃ እንውሰድ። ንድፉ ሲወጣ ምድር ወለሉ ለልብስና ለጫማ ሱቅ፣ ከላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ ለቢሮ ታስበው ነበር። ዛሬ ግን ምድር ወለሉ ላይ የቡና ማሽን፣ የዳቦ መጋገሪያና የእንጀራ ምጣድ የሚያሠራ ካፌ ገብቷል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ ሦስተኛው ላይ የውበት ሳሎን ተከፍቷል። ተከራዩ በተለወጠ ቁጥር ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉም ታድሷል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦና በማከፋፈያው ውስጥ ያለው ብሬከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው የመጀመሪያው ነው። የኤሌክትሪክ ደኅንነት ፍተሻ ዋና ሥራው ሕንፃው ሲሠራ በታሰበው ጭነትና ዛሬ በእርግጥ በሚሸከመው ጭነት መካከል ያለውን ልዩነት በቁጥር አውቆ መመዝገብ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ቅደም ተከተል ለሕንፃ ባለቤቶች፣ ለአስተዳዳሪዎችና ፍተሻውን ለሚያካሂዱ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የቀረበ ነው፤ መለኪያ መሣሪያ የሚጠይቁትን ደረጃዎች በሙሉ ባለሙያው ብቻ ይሠራቸዋል።

ባለሙያውን መምረጥና ሰነድ ማሰባሰብ

ፍተሻውን የሚያካሂደው ሰው በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ ያለው መሆን ይገባዋል። ቢቻል ደግሞ መስመሩን የዘረጋው ወይም በየጊዜው የሚጠግነው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ የገዛ እጁን ሥራ የሚመረምር ሰው ዓይኑ ይለግማልና።

አስተዳዳሪው አስቀድሞ የሚያዘጋጃቸው ሰነዶች የኤሌክትሪክ ንድፉ፣ የየፎቁ የጭነት ሠንጠረዥ፣ የመጨረሻው የፍተሻ ሪፖርት፣ የአንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ክፍያ ደረሰኞችና በየተከራዩ ያሉ ማሽኖች ዝርዝር ናቸው። ዝርዝሩ የማሽኑን ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባው የተለጠፈውን የዋት ቁጥር መያዝ አለበት። ንድፉ የጠፋባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ንድፍ መሥራት ይሆናል። ብሬከሮቹ አንድ በአንድ እየጠፉ የትኛው ክፍል እንደጨለመና የትኛው ሶኬት እንደሞተ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱም ብሬከር በማይለቅ ቀለም ስሙ ይጻፍበታል። ስም የሌለው ብሬከር በአደጋ ጊዜ ሰው የተሳሳተውን እንዲያጠፋ የሚያደርግ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጉድለት ሆኖ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል።

ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በቆጣሪው ላይ ያለውን ማኅተም መርማሪውም ሆነ የሕንፃው ሠራተኛ ሊነካው አይገባም፤ በዚያ በኩል ብልሽት ከታየ ለአገልግሎቱ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ተከራዮችም ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት መስመሩ የሚጠፋበት ቀንና ሰዓት ሊነገራቸው ያስፈልጋል፤ ክሊኒኩ በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጠው መድኃኒት፣ ቢሮው ደግሞ በሥርዓቱ መጥፋት ያለበት ኮምፒውተር ይኖረዋል። ሊፍቱ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ምድር ወለል ላይ እንዲቆም ሳይደረግ ዋናው ብሬከር አይወርድም።

በዓይን፣ በአፍንጫና በወረቀት

መሣሪያ ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት ሕንፃው ከታች እስከ ላይ በእግር ይታያል። አብዛኛው አደገኛ ጉድለት የሚገኘው በዚህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ለመለካት ከሚሰጠው ጊዜ ያላነሰ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ቡናማ የሆነ የሶኬት ፊት፣ የሚንጣጣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከጣሪያ ውኃ ታንከር ወደ ማከፋፈያ ክፍል የሚወርድ እርጥበት፣ በፓነሉ ፊት የተከመረ ካርቶን፣ ክዳኑ የጠፋ የመገናኛ ሳጥን፣ ኬብሎች ከፎቅ ወደ ፎቅ በሚያልፉበት ቀዳዳ ዙሪያ ያልተደፈነ ክፍተት ሁሉም ከነቦታቸው ይመዘገባሉ፣ ፎቶግራፍም ይነሳሉ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ያ ክፍተት እሳትና ጭስ በደቂቃዎች ውስጥ ከምድር ቤት ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጡበት ጭስ ማውጫ ይሆናል።

ቀጥሎ የብሬከሩ መጠን ከሽቦው ውፍረት ጋር ይመሳከራል። በተለመደው አሠራር 1.5 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊ ሜትር) ሽቦ ለመብራት በ10 አምፒር፣ 2.5 ስኩዌር ለሶኬት በ16 ወይም ቢበዛ በ20 አምፒር፣ 4 ስኩዌር በ25 አምፒር፣ 6 ስኩዌር በ32 አምፒር ብሬከር ይጠበቃል፤ ብዙ ሽቦ በአንድ ቱቦ ታጭቆ ሲሄድ ወይም ኬብሉ ሙቀት ባለበት ሲያልፍ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይደረጋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ካፌ ማከፋፈያ ውስጥ በ2.5 ስኩዌር ሽቦ ላይ የ40 አምፒር ብሬከር ተገጥሞ አገኘሁ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «የበፊቱ ቶሎ ቶሎ እየወደቀ አስቸገረን» የሚል መልስ ተሰጠኝ። የበፊቱ ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር። ክዳኑን ከፍተን ስናየው የሽቦው ሽፋን ከብሬከሩ አፍ ጀምሮ አንድ ስንዝር ያህል ደርቆ ይፈረፈር ነበር።

ካፌና ምግብ ቤት ባለበት ሕንፃ ሒሳቡን በወረቀት መሥራት ግድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ይህን ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፒር ይደርሳል። አንድ ምጣድ ብቻውን አንድ የሶኬት መስመር ሙሉ በሙሉ ይወስዳል ማለት ነው። ሁለት ምጣድ፣ ወይም ምጣድና የውኃ ማፍያ በአንድ መስመር ላይ ሲሠሩ 2.5 ስኩዌሩ ሽቦ ከአቅሙ በላይ ለሰዓታት ይግላል። ስለዚህ ምጣድ፣ መጋገሪያና የቡና ማሽን እያንዳንዳቸው ከማከፋፈያው በቀጥታ የመጣ የራሳቸው መስመርና ብሬከር ሊኖራቸው ይገባል። በዲቫይደር ላይ የተሰካ ምጣድ ከተገኘ ለሪፖርቱ መውጣት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ይነቀላል።

የሽቦ ቀለም በአገራችን ሕንፃዎች የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በድሮው አሠራር ሦስቱ ፌዞች (ኤሌክትሪኩን የሚያመጡት ሽቦዎች) ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ደግሞ ጥቁር ነው፤ በአዲሱ ዓለም አቀፍ አሠራር ፌዞቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ፣ ኒውትራሉ ሰማያዊ ነው። ጥቁርና ሰማያዊ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የታችኛው ፎቅ በድሮው፣ የታደሰው ፎቅ በአዲሱ ተዘርግቶ ከተገኘ በቀለም ተማምኖ ማሰር ሰው ሊገድል ይችላል፤ በመገናኛው ቦታ ሁለቱም አሠራር መኖሩን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፣ የየሽቦው ማንነትም በመለኪያ ይረጋገጣል። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለው ሽቦ ለኧርዝ (ከመሬት ጋር ለሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) ብቻ የተተወ ነው፤ ሌላ ሥራ ሲሠራ ከተገኘ መቀየር አለበት።

መስመሩን አጥፍቶ መቆለፍ

መስመሩ ጠፍቶ የሚደረጉት ልኬቶች ሁልጊዜ ከበራው በፊት ይሠራሉ፤ የኧርዙ ሽቦ የተቆረጠ መሆኑን መስመሩ በርቶ ሳለ ማወቅ ዋጋው ከባድ ነው። ማጥፋት ሲባል ብሬከር ማውረድ ብቻ አይደለም። የመንግሥት መስመር፣ ጀነሬተር፣ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) እና በጣሪያ ላይ ካለ የሶላር ኢንቨርተር እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ይቋረጣሉ፤ ብሬከሮቹ በቁልፍ ይዘጋሉ፤ ቁልፉ ሥራውን በሚሠራው ሰው ኪስ ይቀመጣል፤ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ መሞከሪያው መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ላይ ይሞከራል፣ ቀጥሎ በጠፋው መስመር ላይ በፌዝና ፌዝ፣ በፌዝና ኒውትራል፣ በፌዝና ኧርዝ መካከል ይሞከራል፣ በመጨረሻም ተመልሶ በታወቀው ቦታ ላይ ይሞከራል። መሞከሪያው መሐል ላይ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻውን ሙከራ መዝለል አይገባም። ጫፉ ላይ መብራት ያለው የዊንች ቴስተር ለዚህ ሥራ አይታመንም።

«መብራት ስለጠፋ አሁን እንሥራ» የሚለው ልማድ ፈጽሞ መቅረት አለበት። መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ እንደጠፋው ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ራሱን በራሱ የሚያስነሳ ጀነሬተር ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ መስመሩን ሕያው ያደርገዋል። ካልተቆለፈ ጠፍቷል አይባልም።

መስመሩ ጠፍቶ የሚለካ

መጀመሪያ የኧርዝ ሽቦው ሳይቋረጥ ከማከፋፈያው እስከ እያንዳንዱ ሶኬት መድረሱ በዝቅተኛ ኦም መለኪያ ይረጋገጣል። 2.5 ስኩዌር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 7.4 ሚሊ ኦም ያህል ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) አለው፤ ስለዚህ 40 ሜትር የሚርቅ ሶኬት 0.3 ኦም አካባቢ ሊያሳይ ይገባል። 2 ወይም 3 ኦም ካሳየ በመንገዱ ላይ የላላ ወይም የዛገ መገናኛ አለ። መለኪያው መስመሩ ተቋርጧል ካለ ደግሞ ሶኬቱ የኧርዝ ምላስ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ አልታሰረበትም፤ ይህን በአንዳንድ ሕንፃዎች በፎቅ ሙሉ ሶኬቶች ላይ ማግኘት አያስገርምም። የውኃ ቱቦዎች፣ የብረት ደረጃዎችና የሊፍት ሐዲዶችም ከዋናው የኧርዝ ባር ጋር መታሰራቸው በዚሁ መሣሪያ ይታያል።

ቀጥሎ የኢንሱሌሽን (የሽቦ ሽፋን ጤንነት) ልኬት ይመጣል፤ ባለሙያዎች ሜገር የሚሉት መሣሪያ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሮች፣ የኤልኢዲ መብራቶችና የቮልቴጅ መከላከያዎች አስቀድመው ይነቀላሉ፣ አለዚያ በልኬቱ ቮልቴጅ ይበላሻሉ። ፌዝና ኒውትራል በአንድነት ታስረው ከኧርዝ ጋር በ500 ቮልት ዲሲ ይለካሉ፤ የማይነቀል ኤሌክትሮኒክስ ባለበት መስመር በ250 ቮልት ይለካል። ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሆነ መስመር ወድቋል። ከ1 በላይ ግን ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለት አይደለም፦ ጤናማ መስመር አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች ሜጋ ኦም ያሳያል፣ 2 ወይም 3 ሜጋ ኦም ያለው መስመር ፈተናውን ቢያልፍም ውኃ የነካው ወይም ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ሊኖረው ይችላል። ባለፈው ፍተሻ 200 የነበረው ዘንድሮ 5 ከሆነ መውረዱ ራሱ ዜና ነው፤ «ደህና ነው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ የድሮ ሪፖርት ግን ይህን አይነግረንም። የብዙ ፎቆች መስመር በአንድነት ሲለካ ቁጥሩ ስለሚወርድ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ከመጣ መስመሮቹ እየተለያዩ ለየብቻ ይለካሉ። ልኬቱ ሲያበቃ በኬብሉ ላይ የቀረው ቻርጅ ወደ ኧርዝ ይለቀቃል።

የመሬት ውስጥ ኧርዝ

ዋናው የመሬት ዘንግ በሦስት ነጥብ ዘዴ ይለካል። አንዱ የሙከራ ካስማ ከዘንጉ 30 ሜትር ያህል ርቆ ይተከላል፣ ሁለተኛው ካስማ በዚያው መስመር ላይ በ62 በመቶው ርቀት ይተከልና ይለካል፤ ከዚያ መሐለኛው ካስማ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተነቅሎ ተተክሎ ውጤቱ ይነጻጸራል። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ልኬቱ ይታመናል፤ ካልተቀራረቡ ካስማው የበለጠ መራቅ አለበት። ለመለካት ዘንጉ ከሕንፃው የሚፈታ ከሆነ ሕንፃው ሙሉ በሙሉ የጠፋ መሆን አለበት። አብዛኞቹ ንድፎች ለእንዲህ ያለ ሕንፃ ከ10 ኦም በታች፣ ብዙዎቹም 5 ኦምና ከዚያ በታች ይጠይቃሉ።

ይህን ልኬት በሐምሌና በነሐሴ መሥራት ራስን ማታለል ነው። መሬቱ ውኃ ሲጠጣ ሬዚስታንሱ ይወርዳልና በክረምት ያለፈው ዘንግ በጥርና በየካቲት ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ በበጋ ይደረግ፣ ወሩም ይጻፍ። በአገራችን ዘንጉ የተተከለበትን ጉድጓድ በጨውና በከሰል መሙላት የቆየ ልማድ ነው፤ ይሠራል፤ ጨው ግን በየክረምቱ እየታጠበ ይሄዳል፣ ብረቱንም ይበላዋል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በየዓመቱ ተከፍቶ የዘንጉና የማሰሪያው ሁኔታ መታየት አለበት።

መስመሩ በርቶ የሚለካ

አሁን ኤሌክትሪኩ ይመለሳል። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሶኬት ላይ ፌዝና ኒውትራል ቦታቸውን መያዛቸው ከታየ በኋላ የፌዝና ኧርዝ ዙር ሬዚስታንስ ይለካል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ፌዙ የማሽኑን ብረት ቢነካ፣ ብሬከሩን ወዲያው የሚጥል በቂ አምፒር ይፈሳል ወይ? ሲ የሚል ምልክት ያለው 16 አምፒር ብሬከር ወዲያው መውደቁ እርግጠኛ የሚሆነው በአሥር እጥፍ፣ ማለትም በ160 አምፒር ነው። 220ን ለ160 ስናካፍል 1.37 ኦም ይመጣል፤ ሽቦው በጭነት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ከዚህ 80 በመቶውን፣ ማለትም 1.1 ኦም አካባቢን እንደ ወሰን መያዝ ይበጃል። ቢ የሚል ምልክት ያለው በአምስት እጥፍ ስለሚወድቅ ወሰኑ እጥፍ ይሆናል። ብሬከር ሲቀየር ምልክቱ ሳይታይ ቢ በሲ ከተተካ መስመሩ ሳይነካ ጥበቃው ሊጠፋ ይችላል።

ለሰው ሕይወት ጥበቃ የሚገጠመው 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ኧርዝ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) በመሣሪያ ይፈተሻል፤ በ15 ሚሊ አምፒር መውደቅ የለበትም፣ በ30 ከ300 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ፣ በ150 ደግሞ ከ40 ሚሊ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መውደቅ አለበት። በላዩ ያለው የሙከራ ቁልፍ የሚጫነው ከልኬቱ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተጫነ ለዓመታት የተጣበቀውን የውስጥ ክፍል ሊያላቅቀውና ልኬቱ እውነተኛውን ሁኔታ ሊሸፍን ይችላል። ክሊኒኩ፣ ሳሎኑና የካፌው ወጥ ቤት ውኃና ኤሌክትሪክ የሚገናኙባቸው በመሆናቸው እነዚህ መስመሮች ያለ አርሲዲ ከተገኙ ከባድ ጉድለት ነው።

ኒውትራሉን መርሳት አይገባም። ከዋናው ፓነል ኒውትራሉ ቢላላ ወይም ቢቋረጥ፣ በሦስቱ ፌዞች ላይ ያለው ጭነት እኩል ስላልሆነ፣ በአንዱ ፎቅ ቮልቴጁ ሲወርድ በሌላው ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል፤ በአንድ ጀምበር የአንድ ፎቅ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚቃጠሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚለካ መሣሪያ) ሦስቱ ፌዞችና ኒውትራሉ እየተያዙ ይለኩ። ኮምፒውተርና ኤልኢዲ በሚበዛበት ሕንፃ ፌዞቹ እኩል ቢጫኑም እንኳ በሃርሞኒክ (እነዚህ መሣሪያዎች በሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ሞገድ መዛባት) ምክንያት ኒውትራሉ ከፌዙ የሚበልጥ አምፒር ሊሸከም ስለሚችል ቀጭን ኒውትራል ይቃጠላል። በኧርዝ ሽቦው ላይ በርከት ያለ አምፒር ከተገኘ ደግሞ አንድ ቦታ ኒውትራልና ኧርዝ ተምታተዋል።

በመጨረሻ የፓነሎቹ ሙቀት በሙቀት ካሜራ ይታያል። ጭነት በሌለበት ሰዓት የተነሳ ምስል ዋጋ የለውም፤ ካፌ ላለበት ሕንፃ የምሳ ሰዓት ይመረጣል። ተመሳሳይ አምፒር በሚሸከሙ ሁለት ማሰሪያዎች መካከል ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት ከታየ የሞቀው በአስቸኳይ ይጠገናል።

ጀነሬተሩና የአደጋ ጊዜ መስመሮች

የጀነሬተሩ መቀያየሪያ በምንም ሁኔታ ሁለቱን ምንጮች በአንድ ጊዜ ማገናኘት የማይችል መሆኑ በተግባር ይፈተሻል። በተራ ብሬከር ወይም በሶኬት በኩል ወደ ሕንፃው የገባ ጀነሬተር ኤሌክትሪክን ወደ ውጭ መስመር ይመልሳል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራውን የአገልግሎቱን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። የድንገተኛ መውጫ መብራቶች የሚፈተሹት መስመራቸውን በማጥፋት ነው፤ ለአንድ ሰዓት ሳይደክሙ መብራታቸውን እንጂ ቁልፉ ሲጫን ብልጭ ማለታቸውን አንመዘግብም። በፓነል ክፍሉ አጠገብ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ከበሩ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ተጽፎ ሊኖር ይገባል።

ሪፖርቱና ክትትሉ

ሪፖርቱ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ረድፍ ይይዛል፦ የመስመሩ ስም፣ የብሬከሩ ምልክትና አምፒር፣ የሽቦው ውፍረት፣ የኢንሱሌሽን ቁጥር፣ የዙር ሬዚስታንስ፣ የአርሲዲ ጊዜ፣ መለኪያው መቼ እንደተስተካከለ። ጉድለቶቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ወዲያው አጥፍቶ የሚጠገን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ የሚጠገን፣ በቀጣዩ እድሳት የሚሻሻል። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የገባ መስመር ተጠግኖ እንደገና ሳይለካ አይበራም፤ የጥገናው ልኬት ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ይጻፋል።

የዓይን ፍተሻው በየዓመቱ፣ ሙሉው ልኬት ደግሞ በየ3 ዓመቱ ቢደረግ ካፌና ክሊኒክ ላለበት ሕንፃ ተገቢ ይመስለኛል፤ በእንግሊዝ አገር ለቢሮና ለሱቅ የሚመከረው ቢበዛ 5 ዓመት ነው። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ግን የተከራይ መለወጥ ይቀድማል። በኪራይ ውሉ ላይ ተከራዩ የሚያስገባቸው ማሽኖች የዋት ዝርዝር አባሪ ይሁን፤ ከ2,000 ዋት በላይ የሆነ ማንኛውም አዲስ ማሽን በአስተዳዳሪው የጽሑፍ ፈቃድና በባለሙያ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ ይደረግ፤ የሪፖርቱም አንድ ቅጂ በዋናው ፓነል ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ የሚቀጥለው መርማሪ ከዚያ ይጀምራልና።